ብድሩ ሳይከፈል የቀረ ቀን

አይከል ከጎንደር በአዘዞ በኩል ወደ መተማ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች የጭልጋ ወረዳ ከተማ ናት። የሚከተለው ምልልስ እዚያው ይካሄዳል። አንደኛዋ ተነጋጋሪ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ የምታጠና የከተማዋ ልጅ ናት። ሌላው አጎቷ ናቸው፤ ገበሬ ናቸው፣ የመጀመሪያው የመሬት ምዝገባ ሲካሄድ በቀበሌያቸው የመሬት ኮሚቴ አባል ሆነው ገመድ ይዘው የለኩ ሰው። ሁለቱን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ። የሚከራከሩባቸው የኢትዮጵያ ሕጎች ግን በነጋሪት ጋዜጣና በየክልሉ ጋዜጦች የታተሙ ናቸው።

አጎት፦ እውነቱን ንገሪኝ፤ ልጄ ነው የላከሽ? ባጃጅ ልግዛ ብሎ መሬቱን አስይዝልኝ እያለ ይነዘንዘኛል። አንቺ ሕግ ተምረሻልና ታግባባልኛለች ብሎ ይሆናል።

አጥኚዋ፦ አልላከኝም አጎቴ። የመጣሁት ለራሴ ጥናት ነው። ሰው ንብረቱን አስይዞ ሲበደር ሕጉ በየክልሉ እንዴት እንደሚለያይ ነው የማጠናው። አማራ ላይ የተፈቀደው ኦሮሚያ ላይ ተፈቅዷል ወይ፣ ደቡብ ላይስ እንዴት ነው እያልኩ።

አጎት፦ ምኑ ይለያያል? ብሩ አንድ ነው፣ ባንኩም ያው ነው። እዚህ አይከል ያለው ባንክ ነቀምት ላይም ቅርንጫፍ አለው።

አጥኚዋ፦ ባንኩ አንድ ነው። የሚይዘው ንብረት ግን የሚተዳደረው በተለያየ ሕግ ነው። ሕገ መንግሥቱ ነው የከፈለው። በአንቀጽ 51 ስለ መሬት አጠቃቀም ሕግ የማውጣቱን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ሰጠ። በአንቀጽ 52 ደግሞ መሬቱን በዚያ ሕግ መሠረት የማስተዳደሩን ሥራ ለክልሎች ሰጠ። የንግድ ሕግ የፌዴራል ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ለአንድ የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ አስፈላጊ ነው ካለው በቀር፣ የክልሎች ነው። ስለዚህ እርስዎ ግቢ ያለው ሀብት በሁለት ሕግ ነው የሚታየው። በሬው፣ ጎተራ ያለው ጤፍ፣ ልጁ የሚገዛው ባጃጅ፣ ይሄ ሁሉ ተንቀሳቃሽ ነው፤ ለመላው አገሪቱ አንድ በሆነው በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ይገዛል። መሬቱ ግን የሚታየው በክልላችን የመሬት አዋጅ ነው።

አጎት፦ እንግዲያው በሬዬ የአዲስ አበባ፣ መሬቴ የባሕር ዳር ነው ማለት ነው።

አጥኚዋ፦ ሕጉን በሚመለከት አዎ።

አጎት፦ በሬ ማስያዝ ይቻላል? እኔ እስከማውቀው በሬ የሚያስይዝ ሰው በሬውን አስረክቦ ነው። ታዲያ በሬውን ለአበዳሪ ካስረከብኩ በምን አርሼ ልከፍል ነው?

አጥኚዋ፦ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደዚያ ነበር። ተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ የሚሆነው በመርሕ ደረጃ ለአበዳሪው ወይም ለሦስተኛ ሰው በእጅ ሲሰጥ ነው። ለወርቅ ጥሩ ነው፤ ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ ወርቁ ምንም አይጎድልበትም። የሚያርስ በሬ፣ የሚሠራ ወፍጮ ግን ካልሠራ ዕዳው አይከፈልም። አዋጅ 1147 ይህን ቀየረው። አሁን ንብረቱ እርስዎ ዘንድ ይቀራል፤ አበዳሪው በብሔራዊ ባንክ በተቋቋመው የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ላይ መብቱን ያስመዘግባል። ሁለት አበዳሪ ቢመጣ ቀድሞ ያስመዘገበው ይቀድማል። አይከልም ይሁን አርባ ምንጭ ልዩነት የለውም።

አጎት፦ ይሄ መልካም ነው። ግን በአገራችን በበሬ ሲያበድሩ አላየሁም። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋሙ አብቁተ ሲያበድረን በቡድን ነበር፤ እርስ በርሳችን ዋስ ሆነን። አንዱ ካልከፈለ ሌሎቻችን ላይ ይመጣል። ስለዚህ ከቡድን የምናስገባውን ሰው እንመርጣለን። የሚጠጣ አይገባም፤ አገር ለቆ ይሄዳል የሚባልም አይገባም። መበለት ደግሞ ማን ያስገባታል? የሚያርስላት ሰው ከሌላት ትቀራለች። እኔ ኮሚቴ በነበርኩበት ጊዜ ያዘንኩት በዚህ ነው። መሬት በስሟ አላት፣ ደብተር አላት፣ ብድር ግን አታገኝም።

አጥኚዋ፦ ይህን እጽፈዋለሁ። አብቁተም፣ ዛሬ ፀደይ ባንክ የሆነው፣ ሌሎቹም የክልል ብድርና ቁጠባ ተቋማት ለብዙ ዓመት ያበደሩት በዚህ መንገድ ነው። የቡድን ዋስትና በየትኛውም ክልል ተመሳሳይ ነው፤ የቆመው በጎረቤት ይሉኝታ ላይ ነው። ሰዎች ሕግን ሲያወዳድሩ አዋጅ ከአዋጅ ያስተያያሉ። አብዛኛው ገበሬ ብድር ያገኘው ግን አዋጁ ከጻፈው መያዣ ውጭ ነው። መበለቷ ያቺን ደብተር አስይዛ መበደር ብትችል ኖሮ ቡድን የሚያስገባት ሰው አትለምንም ነበር። የመሬት መያዣን ደግፈው የሚከራከሩ ሰዎች ጠንካራው ምክንያታቸው ይህ ይመስለኛል።

አጎት፦ ቆይ፣ ወደዚያ አትሩጪ። መሬት ማስያዝ አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ወለድ አገድ ይሉት ነበር። ብር የቸገረው ሰው መሬቱን ለባለ ብር ይሰጣል፤ ባለ ብሩ እያረሰ ይበላል፤ ብሩ እስኪመለስ መሬቱ አይመለስም። ምርቱ ወለዱ ሆነ ማለት ነው። ዋናው ግን ሳይነካ ይቀመጣል። መሬቱን የለቀቀ ሰው ከየት አምጥቶ ይከፍላል? ልጅ የልጅ ልጅ ድረስ ይሄድ ነበር።

አጥኚዋ፦ ወለድ አገድ በፍትሐ ብሔር ሕጉም ውስጥ ነበር፤ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነበረው። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ፣ ቁጥር 31፣ መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ ሽያጭን ብቻ አይደለም የከለከለው። መለወጥን፣ ማስያዝን፣ ወለድ አገድን፣ ማከራየትንም በስማቸው እየጠራ ከለከለ።

አጎት፦ ከልክሎ ቀረ መሰለሽ? ማታ ማታ ሲደረግ ኖሯል። በሽታ ሲመጣ፣ ተዝካር ሲመጣ፣ ሰው ምን ያድርግ? በሽማግሌ ፊት ወረቀት ይጻፋል፤ ወረቀቱ የእርሻ ስምምነት ይላል፤ ነገሩ ግን ወለድ አገድ ነው።

አጥኚዋ፦ እንዲህ ያለ ውል ፍርድ ቤት ቢቀርብ ዋጋ የለውም ሊባል ይችላል፤ ባለ መሬቱ መሬቱን ያስመልሳል።

አጎት፦ ያስመልሳል። ከዚያ በኋላ ግን በዚያ አገር ማንም አያበድረውም። ይህንንም ያውቀዋል፤ ስለዚህ አይከስም። አንቺ ሕጉ ምን ይላል እያልሽ ትጠይቂያለሽ። እኔ ብሆን ብድሩ ሳይከፈል የቀረ ቀን ማን ምን ያደርጋል ብዬ ነው የምጠይቅ። የጠፋው ሰው የጠፋው ሲበደር አይደለም። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባል የለ።

አጥኚዋ፦ ከዚያ ቀን ብጀምር ንጽጽሩ ሌላ መልክ ይይዛል። እንሞክረው። የከተማ ቤት ያስያዘ ሰው ሳይከፍል ቀረ እንበል። እዚሁ አይከል ከተማ ውስጥ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 3060 አበዳሪ ባለ ዕዳው ባልከፈለ ጊዜ ንብረቱን ልውረስ ወይም ሥርዓቱን ሳልጠብቅ ልሽጥ ብሎ ቢዋዋል ውሉ ፈራሽ ነው ይላል። ፍርድ ቤት መሄድ አለበት። ባንክ ግን በአዋጅ ቁጥር 97/1990 የተለየ መብት አገኘ። ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ በሐራጅ ይሸጣል። ይህ በሁሉም ክልል ያው ነው።

አጎት፦ ለመሬትስ?

አጥኚዋ፦ የገጠር መሬት አይሸጥም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 አይሸጥም አይለወጥም ብሏል። ስለዚህ ሐራጅ የለም። አበዳሪው ሊያገኝ የሚችለው የመጠቀሙን መብት ነው፤ ለተወሰነ ዓመት ማከራየት ወይም መጠቀም። ዕዳው ከኪራዩ እየተቆረጠ ይከፈላል፤ ከዚያ መሬቱ ይመለሳል። የክልሎች ልዩነት ጎልቶ የሚታየው ይሄኔ ነው፤ መሬት ለስንት ዓመት፣ ስንት እጁ ከባለቤቱ እጅ ይወጣል የሚለውን በየፊናቸው ነው የወሰኑት።

አጎት፦ የእኛ ስንት ነው?

አጥኚዋ፦ የአማራ ክልል የመጀመሪያውን የመሬት አዋጅ በ1992 አወጣ፤ ቁጥር 46። በ1998 በቁጥር 133 ተተካ፤ ኪራይ እስከ 25 ዓመት ፈቀደ። ያኔ በፌዴራሉ አዋጅ 456/1997 የመጠቀም መብቱን እንዲያስይዝ በግልጽ የተፈቀደለት መሬት ተከራይቶ የሚያለማ ባለ ሀብት ነበር።

አጎት፦ መተማ ወርደው ሰሊጥ የሚዘሩት።

አጥኚዋ፦ አዎ፣ እነሱን የመሰሉ።

አጎት፦ አየሽ፣ ይሄ አሳዝኖኝ ያውቃል። ከሌላ አገር መጥቶ ቆላ ላይ ሰፊ መሬት የያዘው መሬቱን አስይዞ ትራክተር ይገዛል። የእኛ ልጆች ደግሞ ከደጋ ወርደው ሰሊጡን ያጭዱለታል፤ ወባ ይዟቸው ይመለሳሉ። ቤታቸው መሬት አላቸው። ያ መሬት ግን ለዘር መግዣ እንኳን አያስበድርም።

አጥኚዋ፦ ክልሉ ይህን የቀየረው በ2009 ነው። አዋጅ ቁጥር 252 ለገበሬውም መብቱን ለአበዳሪ ተቋም እስከ 30 ዓመት እንዲያስይዝ ፈቀደ። ያኔ የፌዴራሉ ሕግ ስለ ገበሬው ዝም ባለበት ክልሉ መፍቀድ ይችላል ወይ የሚል ክርክር ነበር። አይችልም የሚሉት ክልል የሚያስተዳድረው በፌዴራል ሕግ መሠረት ነው ብለው ነው። ይችላል የሚሉት ያልተከለከለ ነገር ነው ይላሉ። በ2016 የወጣው የፌዴራል አዋጅ 1324 ለገበሬውም በሩን ስለከፈተ ክርክሩ በአብዛኛው አብቅቷል። ክልሎችም ሕጋቸውን ከዚህ ጋር ማስማማት አለባቸው፤ ስለዚህ እኔ የማወዳድረው እየተንቀሳቀሰ ያለ ነገር ነው። የደቡቡ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በ1999 የመሬት አዋጁን ያወጣው ክልል ዛሬ የለም፤ ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ደቡብ ኢትዮጵያ፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ አራት ሆኗል።

አጎት፦ ወደ ቁጥሩ ነይ። ልዩነቱ በብር ስንት ይመጣል?

አጥኚዋ፦ ለማስላት ያህል የአንድ ገበሬ መሬት በዓመት 10,000 ብር ይከራያል እንበል። ኦሮሚያ በ1999 ያወጣው አዋጅ 130 ከመያዣ ይልቅ ኪራይ ላይ ያተኮረ ነበር። ገበሬው ሊያከራይ የሚችለው ከይዞታው እስከ ግማሹን ነበር፤ በባህላዊ መንገድ ለሚያርስ ተከራይ እስከ 3 ዓመት፣ በዘመናዊ ዘዴ ለሚያለማ እስከ 15 ዓመት። ስለዚህ በዚያ አዋጅ ዕዳውን ከኪራይ ልሰብስብ የሚል አበዳሪ ጎረቤት ገበሬን ቢያስገባ የሚያገኘው የግማሹን የ3 ዓመት ኪራይ ነው፤ 15,000 ብር። በደቡቡ የ1999 አዋጅ 110 ለገበሬ እስከ 5 ዓመት ይከራይ ነበር፤ 50,000 ብር። ለባለ ሀብት 10 ዓመት፣ ቋሚ ተክል ከሆነ 25 ዓመት። በእኛ ክልል የ2009 አዋጅ ደግሞ በወረቀት ላይ እስከ 30 ዓመት፤ 300,000 ብር። በእርግጥ ያን ያህል የሚያበድር የለም፤ አበዳሪ የሚቆጥረው ጥቂት ዓመት ነው። ጣሪያው ግን ይኸው ነው። ያው መሬት፣ ያው ዝናብ፣ ያው ጤፍ፤ የሚያስበድረው ብር ግን በእነዚህ አዋጆች በክልል ድንበር ይለያያል።

አጎት፦ እንግዲህ አንቺ የኦሮሚያው ገበሬ ተበደለ ልትይ ነው።

አጥኚዋ፦ ብዙ ጸሐፊ እንደዚያ ይላል። ብድር ያነሰው እሱ ነው።

አጎት፦ እኔ አልልም። በዚያ አዋጅ ያ ገበሬ የከፋ ቀን ቢመጣበት የሚወጣበት ግማሹ መሬት ነው፤ እሱም ለ3 ዓመት። ግማሹን እያረሰ ልጆቹን ያበላል። የእኛ ሕግ 30 ዓመት አለ። 30 ዓመት ማለት እኔ ሞቼ፣ ልጄ አርጅቶ ማለት ነው። ከወለድ አገድ በምን ይለያል? አበዳሪው ባለ ቢሮ ስለሆነ ነው?

አጥኚዋ፦ በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ የሚይዘው ፈቃድ ያለው የገንዘብ ተቋም ብቻ ነው፤ የሰፈር አበዳሪ አይይዝም። ሁለተኛ፣ በወለድ አገድ ምርቱ ወለድን ብቻ ይበላል፤ ዋናው አይቀንስም። በዚህ ግን የሚገኘው ኪራይ ከዋናውም ይቆረጣል፤ ዕዳው ሲያልቅ መሬቱ ይመለሳል። በዓመት 10,000 የሚከራይ መሬት ያለው ሰው 30,000 ብር ቢበደር ወለዱ ሲጨመር አራት አምስት ዓመት ነው የሚወስደው እንጂ 30 አይደለም።

አጎት፦ ኪራዩን ማን ነው የሚቆርጠው? አበዳሪው በርካሽ ለወዳጁ ቢያከራይስ? 10,000 የሚያወጣውን በ4,000? ያኔ አራቱ ዓመት ከአሥርም ያልፋል። ገመዱን ይዤ ስለለካሁ አውቃለሁ፤ መሬት ሲለካ ሁሉም አዋሳኝ ይቆማል፣ ይጮሃል፣ ይከራከራል። ይህን ኪራይ ሲወስኑስ ማን ይቆማል?

አጥኚዋ፦ ይህ ለጥናቴ ትልቅ ነገር ነው። ለከተማ ቤት ሐራጅ አለ፤ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ተጫራች ይመጣል፣ መነሻ ዋጋ አለ። ለመሬት መጠቀም መብት ተመሳሳይ ሥርዓት በዝርዝር ካልተጻፈ የባለ ዕዳው ጥበቃ በአበዳሪው ቅንነት ላይ ይንጠለጠላል። ክልሎችን ከዓመቱ ቁጥር ይልቅ በዚህ ማወዳደር አለብኝ። ማን ያከራያል፣ በምን ዋጋ፣ በማን ፊት።

አጎት፦ ሚስትስ?

አጥኚዋ፦ በዚህ በኩል የክልላችን ምዝገባ ጥሩ ሠርቷል። ደብተሩ ላይ የእርስዎም የእቴቴም ፎቶግራፍ አለ። የጋራ ይዞታ ነው፤ ያለ እሷ ፈቃድ ማስያዝ አይቻልም።

አጎት፦ ፎቶውን ስናስነሳ ተጣልተን ነበር፤ ፎቶ ለምን አስፈለገ ብዬ። አሁን ገባኝ። ግን ፈቃድሽ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቃት እኔ አጠገቧ ቁሜ ከሆነ ምን ትላለች? ለብቻዋ ነው መጠየቅ ያለባት። ይህንንም ጻፊ።

አጥኚዋ፦ እጽፋለሁ። ሌላው የደብተሩ ደረጃ ነው። የመጀመሪያው አረንጓዴው ደብተር መሬቱን በአዋሳኝ ነው የሚገልጸው፤ በስተ ምሥራቅ እገሌ፣ በስተ ምዕራብ ወንዝ እያለ። ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው ካርታ አለው፤ እያንዳንዱ ማሳ ቁጥር አለው። በብሪታንያ መንግሥት ድጋፍ የተካሄደው ሊፍት የተባለው ፕሮግራም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ይህን ሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ ሲያካሂድ ከምዝገባው ጋር የተያያዘ ብድርንም አስጀምሯል፤ በእኛ ክልል አብቁተ ነበር ያበደረው። ካርታ ያለው ገበሬ ቡድን ሳያስፈልገው በግሉ መበደር ቻለ። ያቺን መበለት የሚያድን ነገር ካለ ይህ ነው።

አጎት፦ መልካም። አሜሪካ ያለው የወንድሜ ልጅ ግን ሌላ ይነግረኛል። እዚያ ሁሉም ነገር በዕዳ ነው ይላል፤ መኪናው በዕዳ፣ ቤቱ በዕዳ። አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖረው። እዚያም ክልል አለ አይደል? ስቴት ይሉታል።

አጥኚዋ፦ 50 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሕግ አላቸው። ሕጎችን የማወዳደሩን ሥራ ከእነሱ ብዙ ተምሬበታለሁ። ድሮ ተንቀሳቃሽ ንብረትን ማስያዝ በየስቴቱ ሌላ ሌላ ነበር። ነጋዴው ዕቃውን አንድ ስቴት አስይዞ ሌላ ስቴት ይወስደዋል፤ እዚያ ያለው አበዳሪ ዕዳ እንዳለበት አያውቅም። ከዚያ የሕግ ባለሙያዎች አንድ ላይ ተቀምጠው ወጥ የንግድ ሕግ አረቀቁ፤ ዘጠነኛው ክፍሉ ስለዚህ ነው። ኮንግረስ አላዘዘም። እያንዳንዱ ስቴት በራሱ ምክር ቤት እያየ ተቀበለው። ፔንሲልቬንያ ቀዳሚዋ ነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ1953። ሉዊዚያና ይህን ክፍል በሥራ ላይ ስታውል የመጨረሻዋ ሆነች፣ በ1990። ወደ 40 ዓመት ወስዷል።

አጎት፦ ለቤትስ?

አጥኚዋ፦ ለቤት አልተስማሙም። የወንድምዎ ልጅ ያለበት ቨርጂኒያ አበዳሪው አብዛኛውን ጊዜ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በአደራ ያዥ አማካይነት ቤቱን ያሸጣል። ወንዙን ተሻግሮ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ በፍርድ ቤት መዝገብ ይከፈታል፤ ሽያጩንም ፍርድ ቤት ያጸድቀዋል። የሁለቱ ከተሞች ሰዎች በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳሉ፣ ቤታቸው የሚወሰድበት መንገድ ግን ሌላ ነው። መኪና ከሆነ ግን በሁለቱም ያው ነው። አበዳሪው ጠብ ሳያስነሳ መውሰድ ከቻለ ያለ ፍርድ ቤት ይወስደዋል።

አጎት፦ ሌሊት ከቆመበት?

አጥኚዋ፦ ሌሊትም ይወስዱታል። የእኔ አሳብ ከዚህ ነው የተነሳው። እኛም እነሱም በተለያየ መንገድ አንድ ቦታ ደርሰናል። የሚንቀሳቀስ ነገር ድንበር ይሻገራል፤ ዕዳው አብሮት ካልተሻገረ አበዳሪ ይታለላል፤ ስለዚህ ለሱ አንድ ሕግ ወጣለት። እኛ በአዋጅ፣ እነሱ በስምምነት። መሬት የትም አይሄድም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ አገር ስለ መሬቱ ያለውን ስጋት በሕጉ ውስጥ ጻፈ። ኦሮሚያ ግማሹ ይቅር አለ። ደቡብ ለቋሚ ተክል ረጅም ዓመት ሰጠ። እኛ ደግሞ ሰፊ በር ከፈትን። ስለዚህ ልዩነቱን ሁሉ እንደ ጉድለት አላየውም። ጉድለቱ ሌላ ነው።

አጎት፦ ምንድን ነው?

አጥኚዋ፦ መዝገቡ። የእርስዎ መሬት ዕዳ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ነው የሚመዘገበው። ከተማ ያለው ቤት ማዘጋጃ ቤት ነው። በሬውና እህሉ ብሔራዊ ባንክ መዝገብ ላይ ነው። አንድ ሰው ከዕዳና ከእገዳ ነፃ ነኝ ሲል የትኛው ቢሮ ያየውን ነው የሚናገረው? አንዱ ቢሮ የሌላውን አያይም። ጎንደር ላይ ሰሊጥ ወደ ምርት ገበያ መጋዘን ያስገባ ነጋዴ በመጋዘን ደረሰኙ ሊበደር ይችላል፤ አዋጅ 372/1996 ደረሰኙን በሕግ የታወቀ ሰነድ አድርጎታል። ያ ሰሊጥ የበቀለበት መሬት ደግሞ ወረዳ ላይ ለሌላ አበዳሪ ተይዞ ሊሆን ይችላል።

አጎት፦ እንግዲያው የልጄን ነገር ንገሪኝ። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?

አጥኚዋ፦ ባጃጁ ራሱ ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው። አበዳሪው ባጃጁን ይያዝ፣ ያስመዝግብ፤ ሊብሬው ላይ ዕዳው ይጻፍበት። ልጁ ካልከፈለ የሚሄደው ባጃጁ ነው። ቅድመ ክፍያ ከፍ ይጠይቁት ይሆናል። እሱን ሠርቶ ያጠራቅም።

አጎት፦ ባንኩ መሬት ወይም ቤት ካላመጣህ ቢለውስ? ብዙ ጊዜ የሚሉት ያንን ነው።

አጥኚዋ፦ አውቃለሁ። ሕጉ ስለፈቀደ ብቻ ባንክ አያበድርም፤ የለመደውን ሕንፃ ይፈልጋል። ሌላ አበዳሪ ጋ ይሂድ። መሬቱን ማስያዝ የግድ ከሆነ ግን ውሉ ላይ ሦስት ነገር ሳይጻፍ እንዳይፈርሙ። ለስንት ዓመት፣ በስንት ኪራይ፣ የትኛው ማሳ። መላውን ይዞታ አይስጡ። የኦሮሚያው ግማሽ እዚህ በሕግ ባይገደድም በውል ማስገባት ይቻላል።

አጎት፦ እሱን ወድጄዋለሁ። መሬቱ አይነካም፤ ባጃጁ በራሱ ይያዝ። ለሱም ይሄንኑ እነግረዋለሁ፤ እናቱም ትስማ። አሁን ደግሞ እኔ አንድ የሕግ ጥያቄ አለኝ። ከኔ ማሳ አንዱን የእኩል የሚያርስ ሰው አለ። መሬት የለውም፤ ደብተር የለውም። በሬ አለው፣ ጉልበት አለው። ዘንድሮ ጤፍ ዘርቷል። ግማሹ የሱ ነው። እሱ በዚያ ጤፍ መበደር ይችላል?

አጥኚዋ፦ በአዋጅ 1147 ሰብል መያዣ ይሆናል። ገና ያልታጨደም ቢሆን።

አጎት፦ ይበደር እንግዲህ። እኔ ደግሞ መሬቱን አስይዤ ነበር እንበል፤ አልከፈልኩም። አበዳሪዬ መሬቱን ሊያከራይ ይመጣል። ጤፉ ቁሟል። የሱ አበዳሪ ጤፉን ይላል፤ የኔ አበዳሪ መሬቱን ይላል፤ መሬቱ ላይ ያለው ጤፍስ? አንዱ አበዳሪ ብሔራዊ ባንክ መዝግቧል፣ አንዱ ወረዳ። ማን ይቀድማል?

አጥኚዋ፦ ተንቀሳቃሽ የሚለው ሕግ የፌዴራል ነው፣ መሬቱ የክልል። ቀድሞ የተመዘገበ ይቀድማል የሚለው ደንብ በአንድ መዝገብ ውስጥ ላሉ አበዳሪዎች ነው የተጻፈው። እንዲህ ያለ ክርክር እስከ ፌዴራል ሰበር ችሎት ከደረሰ ትርጉሙ ለሁሉም ፍርድ ቤት አስገዳጅ ይሆናል፤ በአንድ ውሳኔ የሁሉንም ክልል ሕግ ሊነካ ይችላል። አጎቴ፣ የእኩል አራሹን ከመጀመሪያው በጥናቴ አላስገባሁትም ነበር። የያዝኩት ባለ ደብተሩን ብቻ ነው።

አጎት፦ በዚህ አገር የእኩል አራሽ ብዙ ነው። ወጣቱ በሞላ እሱ ነው። የእኛ ትውልድ መሬቱን ያዘው፤ ልጆቻችን የእኩል ያርሳሉ ወይም ሰሊጥ አጨዳ ይወርዳሉ። ሕጉ መሬት ላለው ብቻ በር ከከፈተ እነሱ ወደ አራጣ ነው የሚሄዱት።

አጥኚዋ፦ ሰኞ ወደ ጎንደር እመለሳለሁ። መጀመሪያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ገብቼ የሰብልና የመሬት ክርክር ያለባቸውን ፋይሎች እጠይቃለሁ። ከዚያ እዚህ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት፣ የእኩል እርሻ ውል ይመዘገባል ወይ፣ በየትኛው ቅጽ ላይ። ያ ሰው ፈቃደኛ ከሆነ እሱንም ማነጋገር እፈልጋለሁ።

አጎት፦ አመሻሹ ላይ በሬዎቹን ሊያስገባ ይመጣል። እኔ አጠገባችሁ ካለሁ በነፃነት አይናገርም፤ ብቻችሁን አነጋግሪው።